በግራ ትከሻ

ጥር 7

ሙቀቱ ገና ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ያዘን። ከሃርፑ ሁለት ክር ቀየርኩ። የልጅ ልጄ ኒሚያ ከጎኔ ተቀምጣ እስከ አራት ሰዓት ተለማመደች። ተማሪ ከጎኔ ነው የሚቀመጠው። ትከሻዬን አይቶ ትከሻውን፣ እጄን አይቶ እጁን ያስተካክላል። ሃምሳ ዓመት እንዲህ ነው ያስተማርኩት። የሚለወጥበት ምክንያት የለም።

ምሳ ሰዓት ላይ ካሳቫ ስትልጥ ያዝኳት።

«ጥፍርሽ!»

«አባባ፣ ታዲያ ምሳ ማን ይሥራ?»

«ቺፓ ዳቦ እንበላለን።»

«ትናንትም ቺፓ ነው የበላነው። ሆዴ ድንጋይ ሆኗል።»

ቢላውን ነጠቅኳትና ካሳቫውን ራሴ ላጥኩት። ሃርፕ በጥፍር ነው የሚመታው። ጥፍሩን የማይጠብቅ ሰው ሄዶ ከበሮ ይምታ። ይህን አታውቅም? ታውቃለች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ልታናድደኝ ነው እንጂ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ጨርቅ ነጋዴ ውሃ ሊለምን ገባ። ስጫወት ቆሞ አየኝ።

«ሽማግሌው፣ ሌላው ሁሉ በቀኝ ትከሻው ነው የሚያስደግፈው። እርስዎ ምነው በግራ?»

«ልብ ያለው በግራ ነው።»

ሁሌም የምመልሰው ይህንኑ ነው። ራሱን ነቀነቀ፣ ደስ ብሎት ሄደ። ሁሉም ደስ ይላቸዋል።

ጥር 9

ዝናብ የለም። ቀይ አቧራ ሃርፑ ሆድ ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። ጠረግኩ።

ጥር 14

ኒሚያ ሳትነግረኝ ተመዝግባለች።

ዋና ከተማው አሱንሲዮን ያለው የሙዚቃ ሙያ ትምህርት ቤት። ሦስት ዓመት ተምረው ሲወጡ በኦርኬስትራ ይጫወታሉ፣ በየትምህርት ቤቱ ያስተምራሉ። ማጣሪያው በሚቀጥለው ሳምንት ቪያሪካ ከተማ ነው፤ ያለፈ የካቲት 21 ዋናውን ፈተና አሱንሲዮን ይፈተናል። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ቴሬሬ፣ ቀዝቃዛውን የቅጠል ሻይ፣ እየቀዳችልኝ ነው። ስጠጣ እንደማልጮህ ታውቃለች።

«እኔን ማን አስተማረኝ?» አልኳት።

«ማንም።»

«የምስክር ወረቀት አለኝ?»

«የለህም።»

«ታዲያ ምን ጎደለኝ?»

ደግማ ቀዳችልኝ። ቀጥላ... «አባባ፣ አንተ ሙዚቀኛ የሆንከው በሌላ ዘመን ነው። አሁን ወረቀት ከሌለኝ መጋቢት ላይ እናቴ ጋ ነው የምሄደው። ትኬቱን ልቆርጥ ነው ብላኛለች።»

እናቷ ልጄ ሊብራዳ ናት። ቦነስ አይረስ የሰው ቤት ስታጸዳ ዘጠኝ ዓመቷ። ባለፈው የገና በዓል መጥታ ነበር፤ እጇን አየሁት። በረኪናው ቆዳዋን በልቶታል። ምን ይባላል?

የኒሚያን እጅ አየሁ።

ሂጂ አልኳት። እኔም አብሬ እሄዳለሁ። ሃርፑን ለአውቶቡስ ረዳት አምኜ አልሰጥም።

ጥር 22

ቪያሪካ ደርሰን መጣን። ደክሞኛል፤ ግን ካልጻፍኩት አይወጣልኝም።

ፈታኟ መምህርት ኤርሚንዳ ትባላለች። ሃምሳ ዓመት የሚሆናት፣ ቀጭን፣ አትስቅም። ደስ አለችኝ። ኮሪደር ላይ ጠብቁ አሉን፤ በሩ ግን ክፍት ነበር። ኒሚያ የኔን የፖልካ ጭፈራ ዜማ ተጫወተች። የድንጋይ ድልድዩ ሲሠራ የደረስኩትን። አንድም አልሳተችም። ኮሪደሩ ውስጥ ያሉት ልጆች ወሬያቸውን አቆሙ።

መምህርቷ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ልጄ፣ እጅሽ ግሩም ነው» አለች። «ግን ሁሉ ነገር ተገልብጧል። ማን ነው በግራ ትከሻ ያስያዘሽ?»

«አያቴ።»

«ዜማ በቀኝ እጅ ነው፣ ወፍራሙ ድምፅ በግራ። አንቺ ጋ ተቃራኒ ነው። እኛ ጋ መጽሐፉም፣ ልምምዱም፣ አብሮ መቀመጡም በአንድ ዓይነት አያያዝ ነው። አንዲት ልጅ ብቻዋን ተገልብጣ ልትማር አትችልም። አንድ ወር አለሽ። አዙሪው። ከባድ ነገር አልጠይቅሽም፤ ሁለት ቀላል ዜማ፣ በትክክል ይዘሽ። ያኔ እቀበልሻለሁ።»

የኔ ልጅ ምን አለች? አገጯን ቀና አድርጋ፣ «ልብ ያለው በግራ ነው» አለች።

ልጆቹ አጨበጨቡ። መምህርቷ አላጨበጨበችም። «ልብሽን ተይው፤ ትከሻሽን ነው የምልሽ» አለችና የሚቀጥለውን ጠራች።

እኔ ኮሪደር ላይ ሆኜ ደረቴ ተነፋ። እውነቱን ለመጻፍ፣ ተነፋ። አውቶቡሱ ውስጥ ግን ቀስ እያለ ተነፈሰ። መንገዱን ሙሉ እሷ በመስኮት፣ እኔ በፊት ለፊት ስናይ መጣን። ሃርፑ በመካከላችን ቆሞ።

ጥር 24

አላዞረችውም። ጠዋት እንደ ወትሮው ከጎኔ መጣች፣ በግራ ያዘች። እኔም አዙሪ አላልኳት።

ጥር 26

«መምህርቷ ያለችውን አትሞክሪም?» አልኳት። ቀለል አድርጌ።

«አንተ ብትሆን ታዞር ነበር?»

«እኔ ሌላ ነኝ።»

«እኔም ያንተ ነኝ። ላንተ ያልዞረ ለኔ አይዞርም። ካልፈለጉኝ ይቅር።»

ግትር! ይህን ከየት አመጣችው? ...መጠየቄ ራሱ ያስቃል።

ጥር 29

ሊብራዳ ደወለች። ትኬቱን ለመጋቢት 10 ልትቆርጥ ነው። የምታጸዳበት ሕንፃ ላይ ለኒሚያ ቦታ አግኝታለች፤ አምስተኛ ፎቅ። «ብታልፍ እሰርዘዋለሁ» አለች። «ታልፋለች የሚል ካለ።» ድምፅዋ ውስጥ ምንም አልነበረም። ተስፋም፣ ወቀሳም። ከዚያ ወቀሳ ይሻል ነበር።

ከሰዓት ጎረቤቴ እትዬ ዴኦሊንዳ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። የዚህን መንደር ጉዳይ ከአጥር በላይ የምትመራ እሷ ናት።

«ዶን ኤፒፋኒዮ፣ ልጅቷን ምን አድርገዋት ነው? ዶሮ እንደሞተባት ትዞራለች።»

«ምንም።»

«ማዞር ነው አሉ የጠየቋት። ሃርፑን ማዞር። እኔ እንጀራ አባቴ በሬ አዙሪ ሲለኝ ሦስት ጊዜ ነበር የማዞረው፣ ምን ይከብዳል?»

«ሃርፕ በሬ አይደለም።»

«አይደለም። በሬስ ይሰማል፤ የማይሰማው ሰው ነው» ብላ ገባች። የዚች ሴት ምላስ።

የካቲት 2

ሌላ ሰው አያነበውም። እንግዲህ ልጻፈው።

ልብ የሚባል ነገር የለም።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አባቴ ሙዚቀኛ ሁሉ ሰካራም ነው ባይ ነው፤ ቤቱ ጊታር እንኳ አይገባም። ዶን አናስታሲዮ የሚባል ሃርፕ መቺ ከወፍጮው ማዶ ይኖር ነበር። ከቀትር በኋላ ሳሎኑ ውስጥ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ይጫወታል። እኔ ከውጭ፣ መስኮቱ ሥር ካለው የበርሜል ቁልል ላይ። ሁለት ዓመት ሙሉ። አንድም ቀን ልግባ አላልኩም። ልግባ ማለት መለመን ነው፤ እኔ ደግሞ አልለምንም።

ቤት ስመለስ ከሣጥን ጣውላና ከዓሣ ማጥመጃ ክር በሠራሁት ነገር ላይ ያየሁትን እደግማለሁ። ያየሁት ሰው ፊት ለፊቴ ነው። የሱ ቀኝ በኔ ግራ በኩል ነው። እንዳየሁት ያዝኩ። አንድ ጊዜ ከኋላው ሄጄ ባየው ኖሮ...

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ቪያሪካ ሠርግ ሄድኩ። ሌላ ሃርፕ መቺ ነበር፣ ትልቅ ሰው። አየኝና በሳቅ ፈረሰ። «ይሄ ልጅ መስታወት ውስጥ ነው እንዴ የሚጫወተው?» አለ። ያኔ ነው የገባኝ። በዚያች ቅጽበት፣ ሰው ሁሉ እያየኝ። ጆሮዬ ነደደ። ከአፌ የወጣው፣ «ልብ ያለው በግራ ነው» የሚል ነው። ሠርገኛው አጨበጨበ። የሳቀው ሰውዬ አፈረ።

በማግሥቱ ማዞር ይቻል ነበር። ክሮቹ የሚወርዱት ከላይ ባለው እንጨት፣ በአንገቱ፣ መካከል ነው፤ ሃርፑ ግራ ቀኝ አያውቅም። የሚያውቀው ሰውየው ነው። ግን ጭብጨባው... ሃምሳ አምስት ዓመት ሆነው።

ባለቤቴ ሲንፎሪያና ብቻ ታውቅ ነበር። አንዴ ስቃብኝ፣ «አንተ በቅሎ፣ ለሰው ንገርና ይውጣልህ» ብላኝ ነበር። ሦስት ቀን አኮረፍኳት። አሁን አፈር ውስጥ ናት፤ የምትነግረኝ የለችም።

ኒሚያ የምትጠብቀው የኔን ክብር ነው። የኔ ክብር ደግሞ ውሸት ነው። በሱ ምክንያት አምስተኛ ፎቅ ልትወልውል ነው።

የካቲት 3

ዛሬ።

ጠዋት ወንበሯን ከጎኔ አነሳሁ። ፊት ለፊቴ አኖርኩት፤ ጉልበት ለጉልበት ሊነካካ ትንሽ ሲቀረው። አሮጌውን ሃርፕ ከቁም ሣጥን ኋላ አወጣሁ፣ ቃኘሁት።

«ተቀመጪ።»

«እዚያ?»

«እዚያ። አሮጌውን ያዢ። በቀኝ ትከሻሽ።»

«አባባ፣ ነግሬሃለሁ እኮ...»

«ልብ የሚባለው ውሸት ነው።»

«ምን?»

«እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ልጅ ሆኜ በመስኮት ከፊት ለፊት አይቼ ተገልብጦ ተማርኩት። ሲስቁብኝ ያንን አልኩ።»

አየችኝ። ትስቃለች ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቀችም።

«በሰው ሁሉ ፊት አፌን ሞልቼ ተናገርኩ» አለች።

«አዎ።»

«አንተ ኮሪደር ላይ ሆነህ እየሰማህ።»

«አዎ።»

«አጨበጨቡልኝ!»

«ለኔም አጨብጭበውልኝ ነበር። እዚያ ላይ ነው የጠፋሁት።»

ተነሥታ ወጣች። ግቢ ውስጥ፣ ከማንጎው ሥር። ዴኦሊንዳ በአጥሩ ላይ ብቅ ስትል አየሁ፤ ኒሚያ ጀርባዋን ሰጠቻት። እኔ ከወንበሬ አልተንቀሳቀስኩም። ብንቀሳቀስ የምለምን መሰለኝ። ...ብለምንስ?

ምሳ አለፈ። ገባች። ፊቷን ታጥባለች። አሮጌውን ሃርፕ አነሣች፣ በቀኝ ትከሻዋ አስደገፈች። ክንዷ የሌላ ሰው ክንድ መሰለ።

«በል ጀምር» አለች። «እንዴት ነው የማውቀው?»

«እኔን እይ። መስታወት እንደምታዪ። የኔ ግራ ያንቺ ቀኝ ነው።»

በግራዬ አንድ ክር መታሁ። በቀኟ መታች። በቀኜ ወፍራሙን መታሁ። በግራዋ መታች።

ደግመን መታን። ተገልብጬ የተማርኩት፣ ተማሪው ፊት ለፊቴ ሲቀመጥ ይቃናል። ሃምሳ ዓመት ተማሪዎቼን ሁሉ ከጎኔ ሳስቀምጥ...

የካቲት 6

አስጸያፊ ነው የምትጫወተው። ስምንት ዓመቷ እያለች ከዚህ ይሻል ነበር። ግራ እጇ ዜማ ፍለጋ ይሸሻል፣ እጮሃለሁ፣ ትጮሃለች።

«ጣትሽን እጠፊ!»

«የኔ ጣት ነው ያንተ?»

«ምን አውቄ! ሁሉም የኔ መስሎኛል!»

አሁን ዶን መስታወት ነው የምትለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትለኝ ለሦስት ቀን አላኮረፍኩም። ግማሽ ቀን ብቻ።

የካቲት 11

ስምንት ቀን። በቀን ስድስት ሰዓት። አንዱ ዜማ በእግሩ ቆሟል፤ ሁለተኛው ገና ያነክሳል። አሥር ቀን ቀርቷል። ትኬቱ አልተቆረጠም፤ ሊብራዳ እስከ ወሩ መጨረሻ ልጠብቅ ብላለች።

የካቲት 13

የቀኝ አመልካች ጣቷ ጥፍር ተሰበረ። ከሥሩ።

ድሮ ይህ ወፍራሙን የሚመታ እጅ ነበር፤ ጉዳዩ ቀላል ነበር። አሁን ዜማው ያለው እዚያ ነው። በውሃ ጉድጓዱ ገመድ ነው የሰበረችው። እኔ ነኝ ውሃ ቅጂ ያልኳት። እኔ!

ጥፍር በስምንት ቀን ስንት ያድጋል? ዴኦሊንዳ የጥፍር ማጣበቂያ ከከተማ አለኝ ብላ አመጣች። የተሰበረውን ቁራጭ በክብሪት ሣጥን ውስጥ አስቀምጬው ነበር። ሦስታችን ጠረጴዛ ላይ ተደፍተን ለጠፍነው። ዴኦሊንዳ ትንፋሽዋን ይዛ። አንድ ሰዓት ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረችም። ተአምር ነው።

የካቲት 16

ይዟል። ሰሃን ማጠብ ከለከልኳት። ልብስም። በር መክፈትም።

«አፍንጫዬንስ?» አለች።

«ቀስ ብለሽ።»

የካቲት 19

ዝናብ። ወር ሙሉ የጠፋው ዛሬ መጣ። ቀዩ መንገድ ጭቃ ሆነ፤ መንገዱን ዘግተውታል፣ አውቶቡስ አይገባም። ነገ ካልወጣን አበቃ።

የካቲት 20

በዴኦሊንዳ ባል የበሬ ጋሪ እስከ አስፋልቱ። ሃርፑን በሁለት ብርድ ልብስና በበቆሎ መሸፈኛ ፕላስቲክ ጠቀለልነው። እኛ በሰበስን፣ እሱ አልበሰበሰም። የምጽፈው አሱንሲዮን፣ የዴኦሊንዳ እህት ቤት ሆኜ ነው። ኒሚያ ክንዷን ትራስ ላይ ዘርግታ ተኝታለች፤ ጥፍሩ እንዳይነካ።

የካቲት 21

በሩ ተዘግቶ ነው የሚፈተኑት። መስማት ይቻላል፤ ማየት አይቻልም ብዬ ነበር። በሩ ግን ላይኛው ላይ አነስተኛ መስታወት አለው። ተጠጋሁ።

ፊት ለፊቴ ናት። ሃርፑ በቀኝ ትከሻዋ።

አሥራ አንድ ዓመቴ ሆነ። የጎደለው በርሜሉ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ዜማ ንጹሕ ነበር። ሁለተኛው መካከል ላይ ግራ እጇ ተነሣ። አየሁት። ዜማውን ሊይዝ ሄደ፣ የድሮው ልማድ። ሁለት ምት ጠፋ። አቁሚ አይደለም፣ አታቁሚ፣ አታቁሚ... እጄ ሳላውቀው አየር ላይ ወጥቷል፤ በቀኜ ወፍራሙን እመታለሁ። አላየችኝም። አንገቷን ደፍታ ነበር። ግራ እጇ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ያዘችው፣ እስከ መጨረሻው ወሰደችው። ጥፍሩ አልተላቀቀም።

መምህርት ኤርሚንዳ እስከ ኮሪደሩ ወጣች።

«አያትየው እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«በአንድ ወር ማን አዞራት?»

እኔ ማለት ነበረብኝ። ቀጥሎም ለምን እንደተገለበጠች። ኮሪደሩ በወላጅ ተሞልቷል፣ ሁሉም ጆሮውን ሰጥቷል። አፌን ከፈትኩ።

«ጎበዝ ልጅ ናት» አልኩ። ሌላ አልወጣም።

ኒሚያ አየችኝ። ሃርፑን ራሷ አንሥታ ቀድማኝ ወጣች።

የካቲት 26

አለፈች። የመጀመሪያውን ዓመት በዝግጅት ክፍል ትማራለች፣ ሰኔ ላይ እንደገና ትፈተናለች። ይሁን። አለፈች።

ሊብራዳ ስልኩ ላይ አለቀሰች። ዘጠኝ ዓመት ስታለቅስ ሰምቻት አላውቅም። ዴኦሊንዳ ዶሮ አረደች።

መጋቢት 3

ሸኘኋት። ሃርፑን ይዛ ሄደች፣ ጥሩውን። አሮጌው ለኔ ቀረ።

«እዚያ ሲጠይቁኝ ምን ልበል?» አለችኝ አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል። «ማን አስተማረሽ ሲሉኝ። ለምን በግራ ነበር ሲሉኝ።»

«እውነቱን።»

«እኔ አልልም። ያንተ ነው። አንተ ነህ የምትለው።»

ግትር።

መጋቢት 19

የመንደሩ በዓል፣ ቅዱስ ዮሴፍ። እንደ ወትሮው ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ተጫወትኩ። ዘንድሮ ከቪያሪካ ሬዲዮ መጥተዋል። ጋዜጠኛዋ ወጣት ናት፤ ማይክራፎኗን አፌ ላይ ደቀነች። ድምፁ በድምፅ ማጉያው ለመንደሩ ሁሉ ይሰማል።

«ዶን ኤፒፋኒዮ፣ ሁሉም የሚያውቀውን ለአድማጮቻችን ይንገሩልን። ለምንድን ነው በግራ የሚይዙት?»

ሰዉ መልሱን ያውቃል። አንዳንዱ አብሮኝ ሊለው አፉን ከፍቷል። ዴኦሊንዳ እጇን ለጭብጨባ አዘጋጅታለች።

«ተሳስቼ ነው» አልኩ።

ያጨበጨበ የለም። ጋዜጠኛዋ ማይክራፎኑ የተበላሸ መሰላት፣ ነካካችው።

«ልጅ ሆኜ ከመስኮት ውጭ ሆኜ ተማርኩት። ሰውየው ፊት ለፊቴ ነበር። እንዳየሁት ያዝኩ። ገብቼ ብጠይቀው በአንድ ቀን ይቃና ነበር። አልጠየቅኩም።»

«ሃምሳ ዓመት ሙሉ!» ብላ ጮኸች ዴኦሊንዳ። ከዚያ መሳቅ ጀመረች፤ ሰዉ ሁሉ ተከተላት። ሳቁ እስከ ደወሉ ማማ ድረስ ተሰማ። ጆሮዬ ነደደ፣ እንደ ያኔው። ጠበቅኩ። ሰው በሳቅ እንደማይሞት በሰባ አራት ዓመቴ አየሁ። ጨረሱ። የድንጋይ ድልድዩን ፖልካ ተጫወትኩላቸው። በግራ ትከሻ። እኔ አሁን አልዞርም፤ ጣቴ ቃሌን አይሰማም።

ማታ ስልክ ደወለ።

«ዶን መስታወት» አለች። «በሬዲዮ ሰማሁህ። ክፍል ውስጥ ሁላችንም ሰማንህ።»

«መምህርቷስ?»

«እሷም። 'አሁን ገባኝ' አለች። ቀጥላ ልምምዱን ሁለት ሁለት ሆነን ፊት ለፊት እንድንቀመጥ አደረገችን።»

ጥፍርሽን ጠብቂ አልኳት።

ማክሰኞ አዲስ ተማሪ ትመጣለች፣ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ልጅ። ሁለተኛውን ወንበር ወደ ጎኔ አልመለስኩትም።